ከነቃሹ ፊት ለፊት

እሱ በመርፌ ይጽፋል፣ እኔ በብርሃን እፍቃለሁ፤
መንገዱ ስምንት ርምጃ ነው፣ ሲስቅ እሰማዋለሁ።
ቫልፓራይሶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ወደቡ ከሚታይበት፣
ኒባልዶ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ፣ ፊት ለፊት።

ጠዋት በሩ ላይ ሰልፍ ነው፤ ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣
ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ የባንክ ሠራተኛው፣
እናቷን ያስከተለች ኮረዳ፣ ልጁን ያቀፈ ዓሣ ነጋዴው።
«ያልተነቀሰ ማን ቀረ?» ይላል፣ «ቆጥረሽ ንገሪኝ፤
ያን ጊዜ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ቁልፉን ባሕር ጣይልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ግን፣ አንድ በአንድ፣ አንገት ተደፍቶ፣
ይሻገራሉ ወደ እኔ፤ ፍቅር አልቆ፣ ፋሽን ሞቶ።
የአንዱ ክንድ «ማካሬና» ይላል፣ ሚስቱ ግን ሌላ ናት፤
አንዷ በማታውቀው ፊደል «ሰላም» ያስጻፈች መስሏት
ስድስት ዓመት «ሾርባ» ስትል ኖራለች በትከሻዋ አጥንት።
«መጻፉ በአንድ ከሰዓት፣ መፋቁ በአሥር ቀጠሮ፤
ያውም» እላለሁ፣ «ጥላው ይቀራል፣ ከሥጋ ጋር ተቋጥሮ።»

አግዳሚው ላይ ጡረተኛው መርከበኛ ዶን ኤልሲዴስ፣
(ደረቱ ላይ የደበዘዘ ወፍ አለ፣ የማይበርር፣ የማይመለስ)
«በእኛ ጊዜ» ይላል፣ «ወፍ የሚያሠራ ኬፕ ሆርንን ዞሮ ነው፤
ለአንድ ወፍ አምስት ሺህ ማይል! ዛሬ ክፍያው ገንዘብ ነው፤
ዛሬ መልህቅ የሚያሠራው፣ ጀልባ ሲያይ የሚያስመልሰው ነው።»
«ሥጋ የእግዜር ደብዳቤ ነው» አለች ሎሚ ሻጯ፣ «አይጻፍበትም።»
«ደብዳቤ ከሆነማ» አለች ኮረዳዋ፣ «መልስ መጻፍ ነውር የለበትም።»
«ሁሉም ሰው ከተነቀሰ» አለ ፖስተኛው፣ ሻዩን እያማሰለ፣
«ዓመፀኛ እንግዲህ፣ ባዶ ክንድ ይዞ የዋለ።»
እኔ ነቃፊ ነበርኩ፤ ነቃሹን ስነቅፍ ከረምኩ፣
የዕለት ጉርሴ ከእጁ መሆኑን እያወቅሁ፣ እየካድኩ።

ሐሙስ፣ ጉም ወደቡን ውጦት፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ገባች፤
ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደረጃው አድክሟት ቁና ቁና ተነፈሰች።
አውቃታለሁ፤ ያኔ ባሏን፣ ሲክስቶን፣ በእጅጌው ጎትታ፣
«ይሄን ጉድ አጥፊልኝ» ብላ ያመጣችው አንድ ማታ፤
ክንዱ ላይ ጠማማ መልህቅ፣ ጓደኛው ሰክሮ የሠራው፣
የግራው ጥርስ አጭር፣ የቀኙ እንደ ማንኪያ የተንጋደደው።
መብራቱን ገና ሳበራ ሲክስቶ ብድግ አለ፤
«እሷን ያቀፍኩት በዚህ ክንድ ነው፤ ይቅር፣ ይቅር» እያለ።
አርባ ዓመት ያንን መልህቅ ጠላችው።
በሐምሌ ብርድ ባሏን ቀበረችው።

«ሴኞራ፣ ምን ልፋቅልዎ?» አልኳት፣ መብራቱን ሳስጠጋ፤
እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከላስቲክ ሥር ቀልቶ ያበጠ ሥጋ፣
ያው መልህቅ። ያው ጠማማ። የግራ ጥርሱ ያው አጭር።
«ሬሳው ሳይወጣ በኬክ ወረቀት ገለበጥኩት፣ መስመር በመስመር።
ኒባልዶ ላቃናው ቢል እጁን መታሁት። አትንካው!
ጠማማውን ነው የማውቀው፤ ቀጥ ካለ የሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣዎት?» «አንቺ ስለ ቆዳ ታውቂያለሽ፤
ያሳክከኛል፤ ምን ልቀባው? ለልጆቼ ግን እንዳትነግሪ፣ ባክሽ።»

ቅባት ሰጠኋት። ገንዘብ አልተቀበልኩም።
በመስኮት አየኋት፤ አግዳሚው ጋ ዶን ኤልሲዴስ አስቆማት፤
ባሕር ተሻግራ አታውቅም፤ ክንዷን ዓይቶ ቆቡን አነሣላት።

ማታ ኒባልዶ ከማዶ፣ «ዛሬ ስንት ፋቅሽ?» አለኝ።
«አራት።» «እኔ ስምንት!» ሳቀ። ሌላ ቀን መልስ ነበረኝ።
በሬን ዘግቼ የእጄን አንጓ አየሁ፤ በሃያ ዓመቴ የፋቅሁት ስም፣
ለሰው ምንም አይታይ፤ ብርድ ሲሆን ግን
ነጥቶ ይነበባል ገና፤ አልጠፋም።